የፈላስፋው ልደት ካርድ

በአገራችን የዘርዓ ያዕቆብ ስም ሲነሣ ጨዋታው ሁለት በር ብቻ ነው ያለው። አንዱ ወገን «ከካንት በፊት የተፈላሰፈ ሐበሻ!» ብሎ ደረቱን ይነፋል። ሌላው «ተው እባክህ፣ ጣሊያን የጻፈው ነው!» ብሎ ያፈርስበታል። ክርክሩ ይጦፋል፣ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ከተከራካሪዎቹ መካከል ሐተታውን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ስንቱ ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ጠረጴዛው ጭጭ ይላል። መጽሐፉ እኮ ትንሽ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ዳር ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያልቅ ነው።

እኛ ዛሬ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ፈላስፋ የሚወረሰው በልደት ካርድ ሳይሆን በማንበብና በመሟገት ነው። የልደት ካርዱ ጥያቄ የራሱ ቦታ አለው፤ ወደ እሱም እንመጣለን። ሆኖም ካርዱ እስኪገኝ ድረስ መጽሐፉን ተዘግቶ እንዲቀመጥ ማድረግ ኪሳራ ነው፤ የሚከስሩትም ሞቶ ያረፈው ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን በሕይወት ያለነው እኛ ነን። ይህን ለማስረዳት ህንድ ደርሰን እንመለሳለን። አትደንግጡ፣ ህንድ ለእኛ ሩቅ አይደለችም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የካላዲው መነኩሴ

በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ አባቶቻችሁን ሒሳብና ፊዚክስ ማን እንዳስተማራቸው ጠይቋቸው። ብዙዎቹ የህንድ መምህር ትዝታ አላቸው። ከእነዚያ መምህራን ደግሞ ብዙዎቹ የመጡት ከደቡብ ህንዷ ኬረላ ነበር። አልጀብራውን አመጡልን፣ እንግሊዝኛውን አመጡልን። በአገራቸው ስለተወለደ አንድ ፈላስፋ ግን የጠየቃቸው ተማሪ ስለመኖሩ እንጠራጠራለን። ፈላስፋው ሻንካራ ይባላል። በኬረላ፣ በፔሪያር ወንዝ ዳር ባለችው በካላዲ ተወለደ ይባላል።

ሻንካራ የጻፈው በሳንስክሪት ነው። ሳንስክሪት ለህንድ ግዕዝ ለእኛ እንደሆነው ዓይነት ነው። እናት ልጇን የምታባብልበት ቋንቋ አይደለም፤ የሚጸለይበት፣ የሚቀኙበትና የሚከራከሩበት ነው። ሻንካራ የብራህማ ሱትራን፣ የዋና ዋናዎቹን ኡፓኒሻዶችና የባጋቫድ ጊታን ትርጓሜ ጻፈ። «ኡፓዴሻሳሃስሪ» በተባለው ሥራውም መምህርና ደቀ መዝሙር እየተጠያየቁ ወደ እውቀት ሲሄዱ አሳየ። ሕይወቱን የጻፉለት እንደሚሉት ገና በልጅነቱ መንኖ፣ አገር ለአገር እየዞረ ተከራክሮ፣ በ32 ዓመቱ ዐረፈ።

ትምህርቱ አድቫይታ ይባላል፤ «ሁለት አለመሆን» ማለት ነው። የሰው እውነተኛ ማንነትና የሁሉ መሠረት የሆነው ብራህማን አንድ ናቸው፣ ብዙ ሆኖ የሚታየን ባለማወቃችን ነው ይላል። ምሳሌው ገመድና እባብ ነው። ሰው በድንግዝግዝ መንገድ ላይ የተጣለ ገመድ ያይና እባብ መስሎት ይደነግጣል። መብራት ሲመጣ እባቡ አይሸሽም፤ መጀመሪያም አልነበረም። እኛም «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንላለን። የእኛ ሰውዬ ግን ከልጥ የሚሸሸው ድሮ እውነተኛ እባብ አይቶ ስለነበር ነው። የሻንካራው ሰው ፍርሃቱን ያመጣው እባብ ከነጭራሹ አልነበረም። በዚህ ልዩነት ላይ ብቻ አንድ ምሽት መከራከር ይቻላል።

አሁን ወደ ልደት ካርዱ እንምጣ። ሻንካራ መቼ ነበረ? ለረጅም ጊዜ ከ788 እስከ 820 ኖረ ሲባል ቆየ። የዛሬ ሊቃውንት ብዙዎቹ ወደ ስምንተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ይስቡታል። በስሙ የሚመሩ አንዳንድ ገዳማት ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያደርጉታል። በስሙ የሚጠሩ ድርሰቶች በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ ሊቃውንቱ ያለ ጥርጥር የእሱ ናቸው የሚሏቸው ግን ጥቂት ናቸው። በሕዝብ ዘንድ በሰፊው ከሚነበቡት አንዱ፣ «ቪቬካቹዳማኒ» (የማስተዋል ዘውድ ዕንቁ)፣ ራሱ የሻንካራ አይደለም ብለው የሚሟገቱ ብዙ አጥኚዎች አሉ።

ህንዶቹ ታዲያ ምን አደረጉ? መጽሐፉን ዘግተው ጸሐፊው እስኪጣራ ጠበቁ? አልጠበቁም። አጥኚው ያጣራል፤ ተማሪው ያነባል፣ ይሸመድዳል፣ ይተረጉማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሻንካራን በሕይወት ያቆዩት ተቃዋሚዎቹ ናቸው። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው ራማኑጃ እና በ13ኛው የኖረው ማድቫ ያንኑ ሱትራ ይዘው፣ የየራሳቸውን ትርጓሜ ጽፈው ሞገቱት። ጥያቄያቸው «እውነት ሻንካራ ነበረ?» የሚል አልነበረም። «ሻንካራ ያለው እውነት ነው ወይ?» የሚል ነበር። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ሁለቱንም ወገን ያስቀየመ መምህር

ሐተታው እንደሚተርከው ዘርዓ ያዕቆብ በ1599 አክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ዳዊት ደገመ፣ ዜማ ሞከረ፣ ሰዋስውና ቅኔ ተማረ፣ ትርጓሜ መጻሕፍት ዘለቀ፣ መምህርም ሆነ። ዘመኑ ክፉ ነበር። አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነትን በይፋ ተቀበለ፤ አገሩም በሃይማኖት ተከፍሎ ይተላለቅ ጀመር።

ዘርዓ ያዕቆብ በዚያ ወቅት መጽሐፍ ሲያስተምር «ፈረንጆቹ እንዲህ ይተረጉሙታል፣ ግብጾቹ ደግሞ እንዲህ» ብሎ ሁለቱንም ያስቀምጥ ነበር እንጂ ይህ ጥሩ ያ መጥፎ አይልም ነበር። በዚህም ሁለቱም ወገን ጠሉት። ፈረንጆቹ የግብጽ ወገን ነው አሉ፤ ግብጾቹ ፈረንጅ ነው አሉ። በመጨረሻ አንድ የአክሱም ካህን ንጉሡ ዘንድ ከሰሰው። ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊት ይዞ ሸሸ። ተከዜ አጠገብ ዋሻ አገኘና ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «የየትኛው ወገን ነህ?» ተብሎ ተጠይቆ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር በሁለቱም የተጠረጠረ ሰው በዚህ አገር እንግዳ ነው? ባለፉት ዓመታት ስንት ጓደኞቻችን «ሁለቱንም እንስማ» ስላሉ ብቻ በሁለቱም በኩል ከዳተኛ ተባሉ? የሐተታው የመጀመሪያ ምዕራፎች የ17ኛውን መቶ ዘመን ብቻ ያወሩ የሚመስለው ሰው እስካሁን አላነበባቸውም ማለት ነው።

በዋሻው ውስጥ ዘርዓ ያዕቆብ ራሱን ጠየቀ። ሁሉም የእኔ ሃይማኖት እውነት የአንተ ሐሰት ይላል፤ ታዲያ ፈራጁ ማን ነው? ሰው ሁሉ የየራሱን የሚያወድስ ከሆነ ዳኛ ከየት ይመጣል? መልሱ ልቡና ነው። እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ ልቡና ሰጥቶታል፤ በእሱ ብርሃን የሚመረምር እውነቱን ከሐሰት ይለያል። ሰዎች የማይመረምሩት ምርመራ አድካሚ ስለሆነና ከአባቶቻቸው የሰሙትን መቀበል ስለሚቀላቸው ነው ይላል።

በዚህ ሚዛን ማንንም አይምርም። የሙሴን ሕግ የወር አበባን እንደ ርኩሰት በማየቱ ይተቻል። እስልምናን ብዙ ሚስት በመፍቀዱና በባሪያ ንግድ ይወቅሳል። ጾምንና ምንኩስናን ከተፈጥሮ ጋር የተጣሉ ናቸው ይላል። እንደ ሐዋሳ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ካቶሊኩም፣ ሙስሊሙም ጎን ለጎን በሚኖርበት ከተማ ይህ መጽሐፍ ቢነበብ የማይኮሰኮሰው የለም። እኛንም ኮስኩሶናል። ግን ኮስኳሽ መጽሐፍ ሁሉንም እኩል ሲኮሰኩስ ቢያንስ ፍትሐዊ ነው።

ሱስንዮስ በ1632 ሲሞት ከዋሻው ወጣ። እንፍራዝ ሄደ፤ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት መዝሙረ ዳዊት እየጻፈ፣ ልጆች እያስተማረ ኖረ። የቤቱ አገልጋይ የነበረችውን ሒሩትን አገባ። ሲያገባት ከእንግዲህ አገልጋይ አትሁን፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። ቆንጆ ነበረች አይልም፤ መልካም፣ አስተዋይና ታጋሽ ነበረች ይላል። ሐተታውን የጻፈው በ1667 ሲሆን ጻፍልን ያለው የሀብቱ ልጅ፣ ተማሪው ወልደ ሕይወት ነበር። ወልደ ሕይወትም በኋላ የራሱን ሐተታ ጨመረ፤ መምህሩ በ93 ዓመቱ እንዳረፈም እሱ ነገረን።

ሻንካራንና ዘርዓ ያዕቆብን አንድ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጧቸው በፍቅር የሚለያዩ አይመስለንም። አንዱ መነኩሴ ነው፤ ሌላው ምንኩስናን የሚወቅስ ባለትዳር። ለአንዱ ልቡና የሚሠራው የተቀደሰው መጽሐፍ በከፈተለት መንገድ ላይ ነው፤ ለሌላው መጽሐፉም ራሱ ልቡና ፊት ቀርቦ ይመረመራል። ለአንዱ ይህ ዓለም በአለማወቅ የሚታይ ነው፤ ለሌላው የፈጣሪ መልካም ሥራ ነው፣ ሊታረስና ሊኖርበት የተሰጠ። ማን ልክ ነው? ይህን ለመመለስ የማንኛቸውም ልደት ካርድ አያስፈልገንም።

ክሱ

የሐተታው ክስ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ካፑቺን ሚስዮናዊ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ጋይንት ተቀምጦ ሳለ ጽሑፉን አገኘሁት ብሎ የግዕዝ መጻሕፍት ሰብሳቢ ለነበረው ለአንትዋን ዳባዲ ላከ። ቅጂዎቹ ዛሬ ፓሪስ ናቸው። ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1904 አሳተመው። በ1920 ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሣና «ይህን የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው» አለ። ከማስረጃዎቹ አንዱ የአንድ ካቶሊክ ኢትዮጵያዊ ካህን ምስክርነት ነበር። በ1934 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮክ ደገፈው።

ከዚያ ሙግቱ ተገለበጠ። በ1953 ኢትዮጵያ የመጡት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሳምነር በ1970ዎቹ በተከታታይ ባሳተሟቸው የኢትዮጵያ ፍልስፍና ቅጾች የሁለቱን ሐተታዎች አጻጻፍና ሐሳብ ከጁስቶ ደብዳቤዎች ጋር አነጻጽረው ጸሐፊው ጁስቶ ሊሆን አይችልም አሉ። የሚገርመው ሳምነር ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ። ዘርዓ ያዕቆብን ዋሻ ያስገባው ኢየሱሳውያን ያመጡት ሃይማኖት ነበር፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ጠበቃ የቆመለትም ኢየሱሳዊ ሆነ።

ነገሩ በዚህም አልተዘጋም። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን በ2013 ጸሐፊው ጁስቶ ነው የሚለውን ሙግት በአዲስ ማስረጃ አነሣች። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በፊት ይጠራጠሩ የነበሩት በ2017 ሐሳባቸውን ለውጠው መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ነው አሉ። በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ወጣ። ሙግቱ በሊቃውንቱ ዘንድ እንደቀጠለ ነው፤ መቀጠሉም ደግ ነው።

እኛ የምንለው ሁለት ጥያቄዎችን አንቀላቅል ነው። «ማን፣ መቼ ጻፈው?» የታሪክ ጥያቄ ነው። ይህ ቀላል አይደለም፤ «አፍሪካም የራሷ የብርሃን ዘመን ነበራት» ብሎ በሐተታው ለሚመሰክር ሰው መልሱ ወሳኝ ነው። 1667 እና 1853 አንድ አይደሉም። ስለዚህ ፎካሪው ወገን ማስረጃውን ሳይመረምር ባይፎክር ይሻለዋል። «የተጻፈው ልክ ነው ወይ?» ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ባልና ሚስት እኩል መሆናቸው በጸሐፊው ዜግነት አይወሰንም። «ፈራጁ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ጁስቶ ቢጠይቀውም ዘርዓ ያዕቆብ ቢጠይቀውም እኩል ያስጨንቃል።

በየዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሎጂክ ይማራል። እዚያ «አድ ሆሚነም» የሚባል ስሕተት ለፈተና ይሸመደዳል፦ ሐሳቡን ትቶ ባለሐሳቡን ማጥቃት። ከፈተናው ወጥተን ካፌ ስንገባ የምናደርገው ታዲያ ምንድን ነው? ባለሐሳቡን ማጥቃት ብቻ አይደለም፤ ሐሳቡን ሳናነብ ባለሐሳቡን ማወደስም የዚያው ስሕተት ወንድም ነው። ሁለቱም መጽሐፉን አይከፍቱትም።

«ለእኛ ምናችን ነው?»

ይህን የምንጽፈው ከሐይቅ ዳር ነውና አንድ ተቃውሞ ከወዲሁ ይሰማናል። «ግዕዝ የሰሜን ነው፣ የደብተራ ነው። ሐዋሳ ቁጭ ብለን ስለ እንፍራዝ ፈላስፋ ምን አገባን?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በግዕዝ ብቻ የሚለካ «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» የአገሪቱን ብዙ ሰው ደጅ ያስቀራል።

መልሱን ከኬረላ እንዋስ። ሻንካራ ሁሉም አንድ ነው ብሎ ያስተማረ ሰው ሆኖ ሳለ በብራህማ ሱትራ ትርጓሜው ሹድራ የሚባሉት ዝቅተኛ መደቦች ቬዳ ሊማሩ አይገባም የሚለውን ሕግ ደግፎ ጽፏል። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በዚያው በኬረላ ናራያና ጉሩ (1856–1928) ተወለደ። ኤዝሃቫ ከሚባል ከዝቅተኛ የሚቆጠር ማኅበረሰብ ነበር። መጽሐፉ ለእሱ አልተጻፈም፤ እንዲያውም እንዳይደርስበት ተከልክሏል። እሱ ግን ሳንስክሪቱን ተማረ፣ አድቫይታን ያዘና በራሱ በካስት ላይ አዞረው። ሁሉም አንድ ከሆነ የእናንተ መደብ ከየት መጣ? በ1888 አሩቪፑራም በምትባል ቦታ የብራህሚን መብት ብቻ የነበረውን የሺቫ ምስል የማቆም ሥርዓት በገዛ እጁ ፈጸመ። ሻንካራን አልጣለውም፤ ከሻንካራ በላይ ሻንካራን አነበበው።

ሐተታው ደግሞ ከዚያም ይቀላል። ልቡና ለሰው ሁሉ ተሰጥቷል፣ ሰዎች ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ናቸው የሚል መጽሐፍ የአንድ ሕዝብ ንብረት ነኝ ሊል አይችልም። ባለቤትነቱን ለሰሜን ብቻ የሚሰጠውም፣ ከደቡብ የሚነጥቀውም መጽሐፉን ይቃረናል።

ግዕዝ ራሱም አጥር አልነበረም። በ1553 እጨጌ ዕንባቆም «በረላም ወይዋሰፍ»ን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። ዕንባቆም ከየመን የመጡ ሰው ነበሩ። ታሪኩም መነሻው የቡድሃ ሕይወት ነው፤ «ይዋሰፍ» የሚለው ስም ከ«ቦዲሳትቫ» እየተንከባለለ የመጣ ነው። የህንድ ልዑል በየመን ተወላጅ እጅ በግዕዝ ሲጻፍ «የማን ነው?» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ መጽሐፉ አይኖረንም ነበር።

በሌላ በኩል እኛም ባዶ እጃችንን አይደለም የምንመጣው። ሲዳማ ሀላሌ የሚል ቃል አለው፦ እውነት፣ የእውነት መንገድ። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲመረምሩ የሚፈልጉት እሱን ነው። አፊኒ የሚባለው የምክክር ሥርዓትም ስሙ ራሱ «ሰማችሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። እስቲ ሀላሌን ከልቡና ጋር ፊት ለፊት እናስቀምጣቸው። ዘርዓ ያዕቆብ እውነትን ያገኘው ከሰው ርቆ ዋሻ ውስጥ ብቻውን ነው። ሶንጎ ደግሞ እውነት ሰው ተሰብስቦ፣ ተደማምጦ የሚወጣ ነው ይላል። ታዲያ ልቡና ብቻውን ይበቃል ወይስ ሰሚ ይፈልጋል? ይህ ጥያቄ ሐዋሳ ላይ ካልተነሣ የት ሊነሣ ነው? ሳምነርም ቢሆኑ በግዕዝ አላቆሙም፤ የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት በፍልስፍና ዓይን አጥንተው አሳትመዋል። መንገዱ ተጠርጓል።

ሌላም የሚነሣ ጥያቄ አለ። ዘርዓ ያዕቆብ እንፍራዝ ሲኖር ሰዎች ክርስቲያን መስሏቸው ነበር፤ እሱ ግን ያመነውን በልቡ ይዞ ዝም አለ። ይህን ራሱ ይናገራል። ጥበብ ነው ወይስ ፍርሃት? እኛ መካከል ድምፅ ተከፍሏል። ግማሾቻችን «ሕይወቱን ማትረፍ ነበረበት» እንላለን፤ ግማሾቻችን «ዋሻ የገባ ሰው ከወጣ በኋላ ዝም ካለ ዋሻው አልተወውም» እንላለን። ይህ ክርክር «ኖሯል ወይስ አልኖረም?» ከሚለው ይልቅ ብዙ አስተምሮናል፤ ምክንያቱም ስለ እሱ ስንከራከር ስለ ራሳችን ዝምታ መከራከራችን አልቀረም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ለሁለቱም ወገን ነው። ለፎካሪው፦ የምትኮራበትን ሰው አንብበው፤ ምናልባት አንተንም ይወቅስሃል። ለአፍራሹ፦ ጁስቶ ጻፈው ካልክ እሺ፣ የጁስቶን ሙግት መልስ። ለአሳታሚዎች፦ ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን ያለበት፣ ተማሪ በምሳ ገንዘቡ ሊገዛው የሚችል እትም፣ ቢቻል ሲዳምኛውም የተጨመረበት፣ አውጡልን። የፓሪሱን ቅጂ ሊቃውንቱ ይመርምሩት፤ እኛ ዕድሜያችንን ልደት ካርድ ስንጠብቅ የምንጨርስበት ምክንያት የለም። ማስረጃው በየትኛውም በኩል ቢወጣ «ፈራጁ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነገም መልስ ይፈልጋል፤ መልሱም ከእኛ ነው የሚጠበቀው።